ፍሊት ወይስ አጎበር? መጀመሪያ በርሜሉን ክደኚ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ "ድሬዳዋ ሳቢያን ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው የምንኖረው፣ ስድስት አባወራ ነን። ከጥቅምት ወዲህ ትኩሳት ሦስት ጊዜ ቤታችን ገባ። መጀመሪያ ባሌን፣ ቀጥሎ እኔን፣ አሁን ደግሞ የሰባት ዓመት ልጄን። ባሌ የሰው ባጃጅ ይነዳል፣ እኔ ሳምቡሳ ጠብሼ እሸጣለሁ። በሄድን ቁጥር ታይፎይድ ነው እየተባልን መርፌ እንወጋለን፣ ያጠራቀምናት አለቀች። አሁን እጄ ላይ ትንሽ ብር አለች። ፍሊት ልግዛባት፣ አጎበር ልግዛባት፣ መስኮቱን ወንፊት ላስመታው፣ ወይስ ለሕክምና ላስቀምጣት? ልጁንስ ሐረር እናቴ ጋ ብልከው ይሻላል?"

እህቴ፣ ምሕረቱን ያውርድላችሁ። በመጀመሪያ "ዶክተር" ብለሽኛል፣ ዶክተር አይደለሁም። የተማርኩት የሕብረተሰብ ጤና ነው፣ እንጀራዬ ደግሞ ትንኝ ነው። ባትሪና ጭልፋ ይዤ የሰው ግቢ እየገባሁ በርሜል ውስጥ ሳጮልቅ ነው የምውለው። የምነግርሽም እዚያው በርሜል አፍ ላይ ቆሜ ያየሁትን ነው።

አራት ነገር ዘርዝረሻል። እኔ ያቺ ብርሽ ብትኖረኝ መጀመሪያ የማወጣበት ነገር ከአራቱ ውስጥ የለም። የበርሜል ክዳንና አንድ ጠንካራ ብሩሽ ነው የምገዛባት። ቀልድ አይደለም አቦ፣ ላስረዳሽ።

ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣላችሁ አልጻፍሽም። ግን ድሬ ናችሁ፣ ስድስት አባወራ ናችሁ፣ ቢያንስ ስድስት በርሜል ግድግዳው ሥር ተደርድሯል ብል አልሳሳትም። ጀሪካኑንና ባልዲውን፣ የአከራያችሁንም ሮቶ ሳልቆጥር። ውሃ ስለሚጠፋ እናጠራቅማለን፣ ያጠራቀምነው ውሃ ደግሞ ትንኝ ያሳድግልናል። ልጅ ሆነን ወባ ከረግረግ ነው የሚመጣው ተብለን ነው የተማርነው። ሳቢያን ምን ረግረግ አለ? የደቻቱ ወንዝም ቢሆን ዝናብ ካልመጣ አሸዋ ነው። እናንተን የሚነክሰው ትንኝ ከሩቅ አልመጣም። እዚያው ግቢያችሁ ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ አልጋ ሥር አድፍጦ ነው የሚጠብቃችሁ።

ይህን ከመሬት ተነስቼ አይደለም የምለው። በ2006 መግቢያ፣ በፈረንጆቹ 2013 ማለት ነው፣ ደንጊ የሚባለው ትኩሳት አገራችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረርሽኝ ደረጃ የተመዘገበው እዚችው ድሬዳዋ ላይ ነው። ከ11 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። ከዚያ በ2011 መጨረሻና በ2012 መግቢያ ላይ ቺኩንጉንያ መጣ። ያኔ እዚህ ከነበርሽ ትዝ ይልሻል፣ ጎረምሳው ሁሉ እንደ ሽማግሌ ጎብጦ ግድግዳ ይዞ ሲሄድ የነበረበት ጊዜ ነው። የተመዘገበው ብቻ ከ40 ሺህ በላይ ነው፣ ቤቱ ተኝቶ ያለፈውን እግዜር ይቁጠረው። ሁለቱንም በሽታ የምታዞረው አንዲት ትንኝ ናት። ኤደስ ትባላለች፣ እግሯ ላይ ነጭ ነጭ ቀለበት አላት፣ የምትናከሰውም ቀን ነው። (ስለ ራሴ ልናዘዝ፦ በዚያ ጊዜ ከተማውን ሙሉ "በርሜላችሁን ክደኑ" እያልኩ ስዞር ውዬ፣ ማታ ቤቴ ስገባ የአበባ ማስቀመጫችን ሥር ያለው ሳህን ውስጥ ትሉ ይርመሰመሳል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።)

በ2014፣ በፈረንጆቹ 2022 ማለት ነው፣ ደግሞ ወባ ተነሳ። ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሰው ተያዘ፣ በፈረንጆቹ 2019 የነበረው ግን 205 ነበር። ተመራማሪዎች የታመሙ ሰዎች ቤትና ግቢ፣ የተማሪ ማደሪያም ጭምር እየዞሩ ሲፈትሹ ያገኟት አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለዋን ነው። የእስያ ትንኝ ናት። ጅቡቲ በ2012፣ እኛ ዘንድ ደግሞ በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች፣ ሁለቱም በፈረንጆቹ ነው። ጅቡቲ በ2012 የነበራት የወባ በሽተኛ 27 ሰው ነበር፤ በፈረንጆቹ 2020 ከ73 ሺህ አለፈ። የድሮዋ የወባ ትንኝ የገጠር ነገር ነበረች፣ ዝናብ ያቆረው ውሃ ነው የምትፈልገው። ይቺኛዋ ከተሜ ናት። ሮቶ፣ በርሜል፣ የጉድጓድ ውሃ፣ ሕንፃ ሲሠራ ለሲሚንቶ ተብሎ ፕላስቲክ ተነጥፎበት የሚሞላው ጉድጓድ፣ ይሄ ሁሉ ለሷ ቪላ ነው።

ልብ በይ፣ ከጥር ጀምሮ ነው ያልኩሽ። የወባ ወቅት ብለን የለመድነው ክረምቱ ሲወጣ ያለውን ጊዜ ነበር። በደረቁ ወራት ወባ ሲነሳ ብዙ ሰው ግራ ገባው። ለኔ ግን አሁን የገባኝ ነገር ይሄ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል ድሬ ላይ ሁሉም ሰው ትዝ የሚለው ጎርፍ ነው፣ እውነትም ነው፣ የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ድርቁና ሙቀቱ ግን ድምፅ የላቸውም። ዝናብ ሲቀር ውሃው ይሳሳል፣ ውሃው ሲሳሳ ሰው አንድ በርሜል ይጨምራል፣ ዝናብ ጠፍቶ ትንኝ የሚበዛው ለዚህ ነው።

ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል። ትንኟ የታመመ ሰው ነክሳ የደንጊውን ቫይረስ ወሰደች እንበል። ወዲያው ለሌላ ሰው አታስተላልፍም፣ ቫይረሱ ሆዷ ውስጥ ተራብቶ ምራቋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ከሆነ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። 30 ዲግሪ ሲሆን አንድ ሳምንት አይሞላም። ትንኝ ዕድሜዋ የሳምንታት ነው። በ25 ዲግሪ ብዙዎቹ ቫይረሱ ሳይደርስላቸው ይሞታሉ፣ በ30 ግን ደርሶላቸው እየዞሩ ይነክሳሉ። የድሬን ሙቀት ደግሞ ለሳምቡሳ ጠባሽ አልነግርም።

እሺ፣ ወደ ሥራው። ዛሬ ማታ ነጭ ሳህንና ጭልፋ ያዢ፣ የሞባይልሽን መብራት አብሪ። በርሜሉ ጋ ቀስ ብለሽ ቅረቢ፣ ጥላ ሲያዩ ወደ ታች ይጠልቃሉና። ከዳር ዳሩ በጭልፋ ቶሎ ጨልፈሽ ሳህኑ ላይ ገልብጪ። የሩዝ ፍሬ የማያህሉ፣ እየተጣጠፉ የሚዋኙ ነገሮች ካየሽ እነሱ ናቸው። ውሃው ሲረጋ ደግሞ ተመልከቻቸው። ጭራቸውን ወደ ላይ አድርገው ተዘቅዝቀው ከተንጠለጠሉ ኤደስ ወይ ተራዋ ቢምቢ ናት። ውሃው ላይ እንደ ስንጥር ጋደም ብለው ከተኙ የወባዋ ናት። ልጅሽ ሲሻለው እሱም ይይ፣ ልጆች ይሄን ሥራ ከኛ በላይ ይወዱታል፣ ከዚያ በኋላ ክፍት በርሜል ባየ ቁጥር የሚጮህብሽ እሱ ነው።

ክዳኑ ገጠም የሚል ይሁን። ድንጋይ የተጫነበት የተጣመመ ቆርቆሮ ክዳን አይባልም፣ ትንኝ የምትገባው በዚያች ክፍተት ነው። ገንዘቡ ካልበቃ ያረጀ ነጠላ አጥፈሽ አፉ ላይ ወጥሪና ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው። ነጠላው ውሃው ውስጥ እንዳይሰምጥ ብቻ ጠንቀቅ በይ።

ብሩሹ ለምን መሰለሽ? ኤደስ እንቁላሏን ውሃው ላይ አትጥልም፣ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ነው የምትለጥፈው። እንቁላሉ ያለ ውሃ ወራት ይቆያል። ውሃውን ደፍተሽ በርሜሉን ፀሐይ ላይ ብታደርቂው ተኝቶ ይጠብቅሻል፣ ውሃ በሞላሽ ማግስት ይፈለፈላል። የድሬ ውሃ ደግሞ እንደምታውቂው ጨው ይሠራል፣ በርሜሉ ውስጥ ነጭ ሻካራ ቀለበት ይተዋል፣ እንቁላሉ እዚያ ሻካራ ላይ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። እሱን ቀለበት ነው የምትፈገፍጊው። በሳምንት አንዴ፣ ውሃ ሊመጣ ሲል፣ በርሜሉ ሊያልቅ በተቃረበ ቀን አድርጊው፣ ያኔ የምትደፊው ውሃ ትንሽ ነው። በሳምንት ያልኩት በዚህ ሙቀት ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ እስኪያወጣ ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን ስለሚበቃው ነው። አንድ ሳምንት ከዘለልሽ አመለጠሽ።

ሊደፋ የማይችል ትልቅ ማጠራቀሚያ ካለ የጤና ኤክስቴንሽኗን ስለ አቤት ኬሚካል ጠይቂያት። ትሉን ይገድላል፣ በልኩ ከተጨመረ ለመጠጥ ውሃም ተፈቅዷል። ልኩን ግን ለሷ ተዪው፣ በግምት አትጨምሪ።

ባልሽ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ግቢው ውስጥ የተጣለ ጎማ እንዳለ በሙሉ ልቤ እወራረዳለሁ። ወይ ይበሳ፣ ወይ ይሸጥ፣ ወይ ዝናብ የማይደርስበት ጣሪያ ሥር ይግባ። የጎሚስታው ሰፈር ያለውን ማንሳት አንችልም፣ የራሳችሁን ግን ትችላላችሁ።

አሁን ዋናው ጣጣ ስድስት አባወራ መሆናችሁ ነው። አምስቱ ከድነው አንዱ ክፍት ከተወ ልፋታችሁ ገደል ገባ፣ የአንዱ በርሜል ትንኝ ስድስቱንም ቤት ይበቃል። ኤደስ ሩቅ አትበርም፣ ከተወለደችበት መቶ ሁለት መቶ ሜትር ብትሄድ ነው። ክፉ ዜና ይመስላል፣ ለኔ ግን ጥሩ ዜና ነው፦ እናንተና የጎረቤት ግቢ ከተስማማችሁ መንግሥትን ሳትጠብቁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። እንዴት አድርጌ ልንገራቸው ካልሽኝ፣ ቡና አፍይና ነጩን ሳህን መሃል ላይ አስቀምጪው። እኔ ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት አንድ ሳህን ትል አያህልም። የአከራዩን ሮቶ ግን በሳህን ብቻ አትችይውም፣ ስድስታችሁም አንድ ላይ ሆናችሁ ክዳኑን እንዲያስጠግን ንገሩት። አንድ ሰው ሲናገር "ካልተመቸሽ ውጪ" ይባላል፣ ስድስት ሰው ሲናገር ክዳን ይገዛል።

አጎበሩን አትግዢ። ለወባ የሚሰጠው አጎበር በነፃ ነው የሚታደለው፣ ቀበሌ ጠይቂ። ካለሽ ደግሞ ተጠቀሚበት፣ ግን እንደ ድሬ ሰው። በሙቀቱ ጊዜ ማታ ግቢ አውጥተን ነው የምንተኛው አይደል? አጎበሩ ግን ውስጥ ባዶ አልጋ ላይ ተሰቅሎ ያድራል። አራት ዱላ አቁመሽ ውጪ ስቀዪው። ቀን ላይም ልጁ ከሰዓት ሲያሸልብ ከአጎበር ሥር ይሁን፣ ኤደስ የቀን ናት ብዬሻለሁ፣ በተለይ ጠዋትና ወደ ማምሻው ላይ ነው የምትበረታው። በርጫ ላይ ጨለምለም ያለ ክፍል ውስጥ እግራቸውን ዘርግተው የሚቀመጡትን ሰዎች ቁርጭምጭሚታቸውን እያዟዟረች እንደምትነክስ ባልሽን ጠይቂው፣ ያውቀዋል።

ፍሊቱን ተዪው። ትንኟ ብዙዎቹን መድኃኒቶች ለምዳቸዋለች፣ የሞተችውም ብትሞት በርሜሉ በማግስቱ ሌላ ይሰጥሻል። ዘይት በሚንቀለቀልበት ቤት ፍሊት መንፋት ደግሞ ሌላ እሳት ነው። ወንፊቱ ጥሩ ነው፣ ክዳኑ ተገዝቶ ከተረፈሽ የምትተኙበትን ክፍል አስመቺ። በሩ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ከዋለ ግን ያው ነው።

ወደ ታይፎይዱ ልምጣ፣ ብራችሁ ያለቀው እሱ ጋ ነውና። ትኩሳት ይዘሽ ስትሄጂ ደም ይቀዱና "ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ" ይሉሻል፣ ከዚያ የአምስት ቀን መርፌ። ያ በየቦታው የሚሠራው ፈጣን የደም ምርመራ ብዙ ጊዜ ያታልላል፣ ድሮ ታመሽ ከነበረም፣ ሌላ በሽታ ሲኖርሽም "አለ" ሊል ይችላል። ሦስታችሁም ተራ በተራ፣ በአንድ ቤት፣ በድንገተኛ ከባድ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ ሕመምና ከመገጣጠሚያ ቁርጥማት ጋር ከሆነ የታመማችሁት፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ትንኝ ነው። ደንጊና ቺኩንጉንያ ደግሞ የቫይረስ በሽታ ናቸው፣ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርግላቸውም። መርፌውን ተወግተሽ በአምስተኛው ቀን ሲሻልሽ መርፌው ያዳነሽ ይመስልሻል፣ በሽታው ግን በራሱ ጊዜ ነው የሄደው። ታይፎይድ የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ። በሄዱ ቁጥር ለሁሉም ታይፎይድ መባሉን ነው የምጠላው።

ስለዚህ ትኩሳት ሲመጣ፣ በመጀመሪያው ቀን የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሂዱና ወባ አስመርምሩ። የወባ ምርመራውም መድኃኒቱም እዚያ በነፃ ነው። ወባ ከሆነ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ጨርሱ፣ በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ግማሹን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ የለም። ወባ ካልሆነ ስለ ደንጊ ጠይቁ። ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ፣ ለልጁ በኪሎው ልክ። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን አይነካም፣ ደም የማፍሰስ አደጋውን ይጨምራሉና። ይሄን የምለው ሰምቼ ብቻ አይደለም። የራሴ ወንድም አንድ ክሊኒክ ሄዶ ለቁርጥማቱ የዲክሎፌናክ መርፌ ተወግቶ ሲመለስ በማግስቱ ድዱ ይደማ ጀመር። ደንጊ ነበር። ተረፈ፣ ግን ያቺን ሌሊት አልረሳትም።

ልጅሽ ላይ አንድ ነገር አደራ። ደንጊ የሚያታልለው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ "እሰይ፣ ዳነልኝ" ብለሽ ወደ ሥራሽ እንዳትሄጂ። አደገኛው ጊዜ ያ ነው። ሆዴን አጥብቆ አመመኝ ካለ፣ ትውከቱ አልቆም ካለ፣ ከድዱ ወይ ከአፍንጫው ደም ካየሽ፣ ከፈዘዘ ወይ ከተነጫነጨ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጁን አስነስታችሁ ሆስፒታል። እስከዚያው ውሃ፣ ኦአርኤስ፣ ሾርባ፣ ቶሎ ቶሎ፣ በትንሽ በትንሹ። ከዚህ በፊት ደንጊ ይዞት ከነበረ ደግሞ በጣም ተጠንቀቂ። የደንጊ ቫይረስ አራት ዓይነት ነው፣ አንዱ ይዞት ከዳነ በኋላ ሌላው ሲይዘው ሊከፋ ይችላል።

ለሕክምና የምታስቀምጫትን ብርም አትንኪ አላልኩም። ግን እስቲ ኪሳራውን ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት። የመርፌው ዋጋ ትንሹ ነው። ባልሽ የተኛባቸውን ቀናት ቁጠሩ፣ ባጃጁ የሰው ስለሆነ ለባለቤቱ የሚገባው የቀን ገቢ አለ፣ አልጋ ላይ ሆኖ ዕዳው ይቆጠራል፣ ወይ ባጃጁ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አንቺ የተኛሽባቸውን ቀናት ጨምሪ፣ ሳምቡሳው አልተጠበሰም፣ ደንበኛሽ ሌላ ጋ ለመደ። ልጁን ስታስታምሚ የቀረሽውን ጨምሪ። ያለፈውን የዕቁብ ዙር ጨምሪ። ይህን ደምራችሁ ስታበቁ ከስድስት ክዳን ዋጋ ጋር አስተያዩት። ቺኩንጉንያ ሲሆን ደግሞ ቁርጥማቱ ለሳምንታት፣ አንዳንዱ ላይ ለወራት ይቆያል፣ የባጃጅ መሪ ለሚጨብጥ እጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ካልሆናችሁም ምዝገባው ሲከፈት እንዳያመልጣችሁ፣ እንደናንተ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው የተሠራው።

ሁሉንም ጣጣ አንቺ ላይ እንደቆለልኩ አውቃለሁ። ውሃው በየቀኑ ቢመጣ ኖሮ ይሄ ሁሉ በርሜል ምን ያደርግልን ነበር? ይሄን በየስብሰባው እንናገራለን። የኬሚካል ዘመቻውም የሚመጣው ሰው ከታመመ በኋላ ነው፣ በሽታው ጋብ ሲል ሁላችንም እንረሳዋለን፣ እኔም ራሴ ጭምር። ቧንቧው እስኪስተካከል ግን ትንኟ አትጠብቅም።

ስለ ሐረሩ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፣ ቀዝቀዝ ትላለች፣ ትንኙም ቫይረሱም እዚያ ቀስ ይላል። ልጁ አሁን ትኩሳት ላይ እያለ ግን አትላኪው። አንደኛ፣ ያልኩሽ አደገኛ ቀን መንገድ ላይ ይይዘዋል። ሁለተኛ፣ ትኩሳቱ ላይ እያለ ኤደስ ከነከሰችው ቫይረሱን ይዛ እናትሽን ትነክሳለች፣ ኤደስ ደግሞ ሐረር የለችም ብዬ አልምልልሽም። ሲሻለው ለዕረፍት ይሂድ፣ ደስ ይበለው። ሐረርም ግን ውሃ በጀሪካን ነው የሚጠበቀው፣ የእናትሽ ጓሮ ስንት በርሜል እንዳለ ታውቂያለሽ። ስትሸኚው ነጭ ሳህንና ጭልፋ አስይዢው፣ የአያቱን በርሜል ይፈትሽና ያገኘውን ደውሎ ይንገርሽ።